ኪራዩን ብቻ አንቁጠር

በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ፣ ልጆችን ይዞ ሰፈር ስለ መቀየር የቀረበ ንግግር



ኮሚቴው ስለ ሰፈር መቀየር እንድንናገር ሲጠይቀን መጀመሪያ አንገራግረን ነበር። የሒሳብ ሠራተኛ ንግግር አይሆንላትም፤ ሙያችን ወሩ ሲያልቅ ገቢና ወጪን ማስታረቅ ነው። ኋላ ስናስበው ግን ቤት መቀየርም የሒሳብ ሥራ ነው፤ እኛም ተሳስተንበታል። ስለዚህ ዛሬ የምንናገረው እንደ ዐዋቂ ሳይሆን የስሕተቱን ዋጋ ከፍሎ እንደ ተማረ ሰው ነው።

«እኛ» ስንል አራት ነን። ባልና ሚስት፣ ያን ጊዜ ስምንት ዓመቷ የነበረ ሴት ልጅ፣ የአራት ዓመት ወንድሟም። እዚህ ከተቀመጣችሁት መካከል ኪራይ ተጨምሮባችሁ የለቀቃችሁ፣ የኮንዶሚኒየም ዕጣ ደርሷችሁ የወጣችሁ፣ በልማት ምክንያት ከነባር ሰፈራችሁ የተነሣችሁ ብዙ ናችሁ። አንዳንዶቻችሁ የመምረጥ ዕድል አግኝታችኋል፣ አንዳንዶቻችሁ ዕጣው መርጦላችኋል። ይህ ንግግር ለመምረጥ ትንሽ እንኳ ቦታ ላላችሁ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የምንኖረው ቀበና አካባቢ፣ ከሌሎች ሦስት ተከራዮች ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ነበር። ሁለት ክፍል አለን፣ ቆጣሪው የጋራ ነው፣ ሽንት ቤቱም የጋራ ነው። ልጅቷ ትምህርት ቤት በእግሯ ትሄዳለች። ትንሹ ልጅ ከመዋዕለ ሕፃናት ሲመለስ ጎረቤት ቤት ይቆያል፤ ማታ መጥተን እንወስደዋለን። ለዚህ ገንዘብ የጠየቀን ሰው የለም። ለበዓል ቡናና ስኳር ከመያዝ በቀር እኛም ከፍለን አናውቅም።

አንድ ቀን አከራያችን ኪራዩ ከ7,500 ወደ 10,000 ብር ከፍ ማለቱን ነገሩን። ተናደድን። «በዚህ ብር ሽንት ቤት በጋራ የምንጠቀመው ለምንድን ነው?» አልን። በዚያው ሳምንት ለደላላ ደወልን፤ በመጣው እሑድ ኮዬ ፈጬ ሄደን ባለ ሁለት መኝታ ቤት አየን። አራተኛ ፎቅ ነው፣ ብርሃን አለው፣ የራሱ መታጠቢያ ቤት አለው፣ ኪራዩ 5,000 ብር ነው። እሑድ ስለነበር መንገዱ ባዶ ነው፣ ቧንቧውን ስንከፍተው ውሃ ወረደ፣ ልጆቹ ባዶው ሳሎን ውስጥ ሮጡ። እዚያው ቀብድ ከፈልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው። በየቀኑ የሰው ሒሳብ የምንመረምር ሰዎች የራሳችንን በአንድ ቁጥር ብቻ ዘጋነው። በወር 5,000 ብር ተረፈን ብለን ደስ ብሎን አይሱዙ ጫንን።

ሰኞ ሲመጣ ሰፈሩን በትክክል አየነው። የሁለታችንም ሥራ መገናኛ ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ከሩብ እንነሣለን፣ ልጆቹን ቀስቅሰን ለሰርቪስ እናዘጋጃለን፣ ከዚያ ሁለት ታክሲ እንይዛለን። ማታ ሰልፉ አለ። ውሃ በፈረቃ ይመጣል፤ በመጣበት ቀን እኛ ሥራ ላይ ከሆንን ያመለጠ አመለጠ ነው። ያን ጊዜ ጀሪካን አራተኛ ፎቅ ድረስ የሚያወጣ ልጅ እንከፍላለን። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ የምትቀበላቸው አንዲት ሴት ቀጠርን። እኛ የምንደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ነው፤ ትንሹ ብዙ ጊዜ ተኝቶ ይጠብቀናል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ዓይኑን ከፍቶ የምናየው ጠዋት ጫማውን ስናስር ነበር።

አንድ ሐሙስ ሚያዝያ ላይ ዝናብ ጣለ። ከምሽቱ 11 ሰዓት ግድም የምትጠብቃቸው ሴት ደወለች። «ትንሹ ደርሷል፣ ትልቋ ግን አልመጣችም» አለችን። የሰርቪሱ ሾፌር ጋ ደወልን። መንገዱ ጭቃ ስለሆነ ብሎኩ ድረስ አልገባሁም፣ ዋናው መንገድ ላይ አውርጃታለሁ አለን። ትንሹ በሌላ መኪና ቀደም ብሎ ይመለስ ስለነበር ልጅቷ የወረደችው ብቻዋን ነው። እኛ ያን ሰዓት መገናኛ ሰልፍ ላይ ነን።

ኮንዶሚኒየም የምትኖሩ ታውቁታላችሁ፤ ብሎኮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት ናቸው። ቀለማቸው አንድ፣ ደረጃቸው አንድ፣ በየሰገነቱ የተሰጣው ልብስ እንኳ አንድ ይመስላል። ልጅቷ ከሰርቪስ የምትወርደው ሁልጊዜ ደጃፍ ላይ ስለነበር ከዋናው መንገድ ወደ ቤት የሚወስደውን መንገድ አታውቀውም። ስልካችንን በቃሏ አታውቅም። ያን ማታ ደግሞ መብራት ጠፍቷል።

እኛ ስንደርስ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ሆኗል። በስልክ ባትሪ እያበራን፣ ስሟን እየጠራን በብሎኮቹ መካከል ዞርን። አባቷ በአንድ በኩል፣ እናቷ በሌላ በኩል። ያገኘናት ከቤታችን አራት ብሎክ ርቃ፣ ቲማቲምና ቆሎ ከሚሸጡ አንዲት እናት ጎን፣ ዱካ ላይ ተቀምጣ፣ በነጠላ ተጠቅልላ ነው። ሴትዮዋ ከዚያ በፊት አያውቁንም። ጎረቤቶቻቸው ጉልታቸውን አንሥተው ሲገቡ እርሳቸው ባትሪያቸውን አብርተው መንገዱ ዳር ቀርተዋል።

«ቤት ይዣት ልገባ ነበር» አሉን። «ግን ልጅ የጠፋበት ሰው የሚመጣው በመንገድ ነው ብዬ ቁጭ አልኩ።»

ልጅቷ አላለቀሰችም። ነጠላውን ሳታወልቅ «እማዬ፣ ቤታችን የትኛው ነው?» አለችን። ስድስት ወር ኖረንበት ልጃችን የማታውቀውን ቤት ነው ርካሽ ብለን የተከራየነው።

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደንም። በሻማ ብርሃን ደብተር አውጥተን ሒሳብ ሠራን። የትምህርት ቤት ክፍያው ከቀበናው ጋር ተቀራራቢ ስለነበር ከሒሳቡ አወጣነው። የቀረውን አንድ በአንድ ጻፍን።

ቀበና ብንቀር ኖሮ፣ ከነጭማሪው ኪራይ 10,000 ብር፣ የሁለታችን ታክሲ 900 ብር፣ ድምሩ 10,900 ብር።

ኮዬ ፈጬ፣ ኪራይ 5,000፣ የሁለታችን ታክሲ በቀን ስልሳ ስልሳ ብር በ26 የሥራ ቀን 3,120፣ የሁለት ልጆች ሰርቪስ 1,400፣ ልጆቹን የምትቀበለው ሴት 1,500፣ ውሃ ለሚያወጣው ልጅ 400፣ ድምሩ 11,420 ብር።

ደግመን ደመርነው፤ ያው ነው። ለማትረፍ ብለን የወጣነው ሰዎች በየወሩ 520 ብር እየከሰርን ነበር። በንዴት የለቀቅነው ቤት ርካሹ ቤት ነበር። ዕቃ ማጓጓዣው፣ የጫኝና አውራጁ፣ የደላላው፣ የአዲሱ ትምህርት ቤት መመዝገቢያ ገና አልተደመረም።

ከዚያ በብር የማይጻፈውን ጻፍን። እያንዳንዳችን መንገድ ላይ የምናጠፋው ጊዜ በቀን በሦስት ሰዓት ጨምሯል። በወር 78 ሰዓት ነው። 78 ሰዓት ማለት ከሦስት ቀን ከሦስት ሌሊት በላይ ነው። በየወሩ ሦስት ቀንና ሌሊት ከልጆቻችን ወስደን ለታክሲ ሰልፍ ሰጥተን ነበር። ይህን የሚያሳይ ደረሰኝ የለም፤ ማንም ኦዲተር አያገኘውም።

አንድ ነገር ግልጽ እንዲሆን እንፈልጋለን። ኮዬ ፈጬ መጥፎ ሰፈር ነው እያልን አይደለም። ከማኅበራችን አባላት መካከል እዚያ ደስ ብሏቸው የሚኖሩ አሉ። አንዷ ሱቋ ከብሎኳ ሥር ነው፣ ልጆቿ በእግራቸው ይማራሉ፤ የእኛ ሒሳብ የእርሷ አይደለም። ሰፈር ለሁሉም እኩል ጥሩ ወይም እኩል መጥፎ አይሆንም። ሥራችሁ የት ነው? ልጆቻችሁ ስንት ዓመታቸው ነው? ከሰዓት በኋላ ማን አላቸው? መልሱ የሚለየው በዚህ ነው።

ለሁለተኛ ጊዜ ቤት ስንፈልግ ስድስት ሳምንት ወሰደብን። በዚያ ጊዜ የተማርነውን በየተራ እንንገራችሁ።

አንደኛ፣ ከትምህርት ቤቱ ጀምሩ። ቤት አግኝቶ ትምህርት ቤት ከመፈለግ፣ ትምህርት ቤቱን አግኝቶ በዙሪያው ቤት መፈለግ ይሻላል። ልጁ በእግሩ የሚደርስበት ከሆነ ሰርቪስ የሚባል ወጪም ሥጋትም የለም። መንገዱን ራሳችሁ ሂዱበት። ስንት አስፋልት ይሻገራል? የእግረኛ መንገድ አለው? ክረምት ሲመጣ ጎርፍ የሚወርድበት የትኛው ነው? ትምህርት ቤቱ ግቢ ገብታችሁ ክፍል ውስጥ ስንት ልጅ እንዳለ ጠይቁ፤ መጸዳጃ ቤቱንም እዩ፣ ውሃ ይኑረው አይኑረው። ለሴት ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው። የግል ከሆነ ለመጪው ዓመት የታሰበ ጭማሪ መኖሩን ከመመዝገባችሁ በፊት ጠይቁ። የመንግሥትንም አትናቁ። በአዲስ አበባ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከ2012 ዓ.ም ጀምሮ የተማሪዎች ምገባ አለ፤ ቁርስና ምሳ ከቤት አለመቋጠሩ በወር ሲደመር ቀላል አይደለም።

ሁለተኛ፣ ሰፈሩን በሥራ ቀን እዩት። እሑድ ሁሉም ሰፈር ጥሩ ነው። ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ እዚያ ተገኝታችሁ ወደ ሥራችሁ በታክሲ ሂዱ፤ ማታም ከሥራችሁ ተነሥታችሁ ወደዚያው ተመለሱ። ሰዓቱን ጻፉት። ከዚያ አንድ ጊዜ ከመሸ ሂዱ። የመንገድ መብራት አለ? ሱቆቹ እስከ ስንት ሰዓት ክፍት ናቸው? ሴቶች ብቻቸውን ሲሄዱ ታያላችሁ?

ሦስተኛ፣ ስለ ውሃ ደላላ አትጠይቁ፤ ጀሪካን የያዘች ሴት ጠይቁ። ስንት ቀን በሳምንት ይመጣል? ሌሊት ነው ቀን? ላይኛው ፎቅ ይወጣል? ሮቶ ለማስቀመጥ አከራዩ ይፈቅዳል? ደላላው «ውሃ አለ» ሲል ቧንቧ አለ ማለቱ ነው።

አራተኛ፣ ሕንፃውን በልጅ ቁመት እዩት። በአብዛኞቹ ባለ አራት ፎቅ ኮንዶሚኒየሞች ሊፍት የለም። የደረጃውና የሰገነቱ ብረት ክፍተት የአራት ዓመት ልጅ ያሳልፋል ወይ? የመጫወቻ ቦታ የተባለው ላይ መኪና ቆሞበታል ወይ? ልጆች ከሰዓት በኋላ ውጭ ሲጫወቱ ካያችሁ ጥሩ ምልክት ነው። አንድም ልጅ ውጭ ከሌለ ለምን እንደሆነ ጠይቁ።

አምስተኛ፣ በቅርብ ያለው ጤና ጣቢያ የት እንደሆነ፣ ሌሊት ተረኛ መኖሩን፣ ሌሊት ልጅ ቢታመም ምን ዓይነት መኪና እንደሚገኝ እወቁ።

ስድስተኛ፣ ወረቀቱን አሟሉ። ከመልቀቃችሁ በፊት ከወረዳው መሸኛ፣ ከትምህርት ቤቱ መሸኛና የልጆቹን የውጤት ካርድ፣ የልደት የምስክር ወረቀታቸውንም በእጃችሁ ያዙ። ነሐሴ ላይ ምዝገባ ሲጀመር አንዱ ወረቀት ጎድሎ የምትንከራተት እናት ብዙ ናት። ከአዲስ አበባ ወሰን ወጥታችሁ ወደ ሸገር ከተማ የምትገቡ ከሆነ አስተዳደሩ ሌላ ነው። መታወቂያው፣ ትምህርት ቤቱ የሚያስተምርበት ቋንቋ፣ የስድስተኛና የስምንተኛ ክፍል ፈተናው በየት በኩል እንደሚሆን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ በተለይ ልጃችሁ የፈተና ክፍል ላይ ከሆነች።

ኪራይን በተመለከተ በ2016 ዓ.ም የወጣውን የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ እወቁት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ዘመኑ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም። ሁለት ዓመት ልጅ ላለው ሰው ትልቅ ነገር ነው። ልጁ የጀመረውን ክፍል ሳይጨርስ ከጓደኞቹ አይነጠልም ማለት ነው። እኛ በንዴት የለቀቅንበት ዓይነት ጭማሪ ዛሬ ቢመጣባችሁ፣ ዕቃ ከመጠቅለላችሁ በፊት ወረዳችሁ ሄዳችሁ ሕጉ ምን እንደሚል ጠይቁ።

የመጨረሻውና ከሁሉ የከበደው ጎረቤት ነው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል ሲባል ሰምተን አድገናል፤ ግን ቤት ስንፈልግ ማንም ጎረቤት አይቶ አይከራይም። በር አንኳኩቶ «ጥሩ ሰው ነሽ ወይ?» ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። ዕድር አላቸው? አዲስ ገቢ ይቀበላሉ? መመዝገቢያው ስንት ነው? ኮሚናሉ ውስጥ ሴቶች አብረው እንጀራ ይጋግራሉ ወይስ ተቆልፎ ተቀምጧል? የብሎኩ ጥበቃ የልጆቹን ስም ያውቃል? ጥበቃው የልጆቹን ስም የሚያውቅበት ሰፈር የእናንተን ልጅ ስምም ያውቃል።

በዚህ ሁሉ ተመዝኖ ያገኘነው አያት አካባቢ ባለ አንድ መኝታ ቤት ነው። ኪራዩ 9,000 ብር ነበር። አራታችንም አንድ መኝታ ክፍል እንካፈላለን፤ ቁም ሣጥኑ ሳሎን ወጥቷል። ባቡሩ ቢጨናነቅም፣ አንዳንዴ ቢዘገይም፣ ከአያት መገናኛ በቀጥታ ያደርሰናል፤ ሲጠፋ ታክሲ አለ። ትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። ታችኛው ፎቅ ያሉ ጡረተኛ እናት ሁለቱንም ልጆች እስክንመጣ ይጠብቁልናል። ሒሳቡ፣ ኪራይ 9,000፣ ትራንስፖርት 1,300፣ ለእኚህ እናት 1,000፣ ድምሩ 11,300 ብር።

ከኮዬው ጋር ሲተያይ ልዩነቱ በወር 120 ብር ብቻ ነው። በ120 ብር ማንም ቤት አይቀይርም። እኛ ግን የቀየርነው ለ78ቱ ሰዓት ነው። አሁን ማታ 12 ሰዓት ሳይሞላ እንደርሳለን፤ የቤት ሥራ አብረን እንሠራለን፣ እራት አብረን እንበላለን። ልጅቷ የሁለታችንንም ስልክ በቃሏ ታውቃለች። በገባን በመጀመሪያው ቅዳሜ ከዋናው መንገድ እስከ ቤታችን መንገዱን እርሷ እየመራች፣ እኛ እየተከተልናት ሦስት ጊዜ ተመላለስን። ይህን ገንዘብ የማይጠይቅ ሥራ እባካችሁ ሁላችሁም አድርጉት።

ከኮዬ የወጣን ዕለት ልጅቷ አልቅሳለች። ያለቀሰችው ለቤቱ አይደለም፤ ለቆሎ ሻጯ እናት ነው። ከዚያ ሐሙስ በኋላ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እርሳቸው ጋ አረፍ ትል ነበር። እኛም ለክፉ ቀን የሚሆን ሰው አግኝተን ትተናቸው ሄድን። ይህም ወጪ ነው፤ በየትኛው መደብ እንደምናስገባው ግን እስከ ዛሬ አላወቅንም። በዓል ሲሆን ልጆቹን ይዘን እንሄዳለን፤ አሁንም እዚያው መንገድ ዳር ናቸው።

ወደ ማኅበራችን እንመለስ። ሁለተኛውን ዝውውር ያደረግነው ከዚህ ማኅበር በተበደርነው ገንዘብ ነው። ሁለት ወር ቅድሚያ ክፍያ 18,000 ብር፣ ለአይሱዙና ለጫኝ ደግሞ 4,000 ብር አስፈልጎን ነበር። በአሥር ወር መልሰናል። ብድሩ ባይኖር ሒሳቡን ዐውቀን እንኳ እዚያው እንቀር ነበር። ብዙ እናቶች የሚቀሩት ባለማወቅ አይደለም፤ ለመውጣት የሚሆን 22,000 ብር በአንድ ጊዜ በማጣት ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ሐሳብ እናቀርባለን። የመጀመሪያው ምንም ወጪ የለውም። ጽሕፈት ቤታችን ውስጥ አንድ ደብተር ይኑር፤ በየሰፈሩ የምትኖሩ አባላት ፈቃዳችሁ ከሆነ ስማችሁን አስመዝግቡ። ወደ ሰፈራችሁ ልትመጣ ያሰበች እህት ስለ ውሃው፣ ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ ታክሲው ከደላላ ሳይሆን ከእናንተ ትስማ። እኛ ለአያት አካባቢ ስማችንን ዛሬውኑ እናስመዘግባለን። ሁለተኛው፣ ከብድር ገንዘባችን ላይ ለቤት ዝውውር የተወሰነ መጠን ለብቻው ይያዝ። ሒሳቡን ለመያዝ እኛ ፈቃደኞች ነን።

ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው። እስከ ዛሬ ስለረዳችሁን መሣሪያና ሥልጠና እናመሰግናለን። ነገር ግን ልብስ ስፌት የተማረች እናት፣ ትንሹን ልጇን የምትተውበት ቦታ ካጣች መኪናው ጨርቅ ለብሶ ይቀመጣል። አዳዲሶቹ ሰፈሮች ውስጥ ቤት አለ፣ ልጅም አለ፤ የጎደለው የሕፃናት ማቆያ ነው። በአንድ ሰፈር፣ በአንድ ኮሚናል ውስጥ፣ ከአባሎቻችን መካከል ልጅ መያዝ የሚችሉ እናቶች ደመወዝ እያገኙ የሚሠሩበት አንድ ማቆያ ብንጀምር ለሁለቱም ወገን ሥራ ነው። በዝርዝር አስልተን ለማቅረብ ዝግጁ ነን።

እህቶቻችን፣ ከዚህ ስትወጡ ሌላውን ሁሉ ብትረሱት አንድ ነገር አትርሱ። ቤት ለመቀየር ስታስቡ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ያላችሁበትን ቤት ጻፉ፤ መቅረትም ምርጫ ነውና። በሁለተኛው የምትሄዱበትን ጻፉ። በሦስተኛው የልጆቻችሁን ቀን ከጠዋት እስከ ማታ በሰዓት በሰዓቱ ጻፉ፤ በየሰዓቱም ከማን ጋር እንደሚሆኑ ስሙን አስፍሩበት። ስም የሌለው ሰዓት ካለ ቀብድ አትክፈሉ።